በክሪክ ላይ የተለካች መኪና

ጥርርር አለ፤ ቆመ፤ ደግሞ ጥርርር አለ። ኮምፕረሰሩ እያጓራ ስለነበር ስልክ መሆኑ እስኪለይ ድረስ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ታላቅየው ኮምፕረሰሩን አጠፋና እጁን በቱታው ጠርጎ፣ ከጎማው ክምር ጀርባ ያለውን ስልክ አነሳ። አባትየው እንደ ወትሯቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ያረጁ ብሎኖችን በየልካቸው ይለያሉ።

— ሄሎ! … አቤት፣ ጎማ ቤት ነው። … ማን ልበል? …

የታናሽ ወንድሙ ድምፅ መሆኑን ሲለይ ግድግዳውን ተደገፈ።

— አንተ! … (ወደ በሩ ዞሮ) ደንበኛ ነው አባባ፣ ደንበኛ! … እሺ ጌታዬ፣ ይቀጥሉ። … አትሳቅ! ምን ላድርግ፣ እዚሁ ተቀምጠዋል። … አዎ፣ በሩ ጋ። … ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ትንሽ ያማቸዋል። … እማማም ደህና ናት። … እጇማ … ከባድ ነገር ማንሳት ላይ ነው እንጂ ደህና ነው።

— ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅህን አጥፍተህ … ቅዳሜ? ልትመጣ? … ከነሚስትህ! አግብተሃል እንዴ አንተ? … አልሰማንም እኮ። … አይ፣ አልከፋኝም። ደስ ብሎኝ ነው።

— ጎማ? አሁንስ የእውነት ደንበኛ ሆንክ! … ያቺው መኪና ናት? … ሞላዋ ተቆርጦ ዝቅ እንዳለች?

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

— አንተ ፌንጣ! በልጅነትህ ከአጥር አጥር ስትዘል ያወጣንልህ ስም ነበር። ይኸው አድገህ ሆድህን መሬት ለመሬት እየጎተትክ ትሄዳለህ።

በሩ ጋ የብሎኖቹ ኮሽታ አንዴ ቆም አለና ቀጠለ።

— ስንት ስፋት ያለው ልትገጥም አሰብክ? … ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሚሊ! ጤና የለህም? … የቸርኬህ ስፋት ስንት ኢንች ነው? ተጽፎበታል፣ ጎንበስ ብለህ እይ። … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … ስድስት ተኩል። ስድስት ተኩል ላይ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ብታለብሰው፣ ጠባብ ሱሪ እንደታጠቀ ባለቦርጭ ጎኑ ተነፍቶ ይወጣል። … የምሬን ነው። ሁለት መቶ አምስት ይበቃሃል። ሲሰፋ ደግሞ ጎኑ አጠር ማለት አለበት፤ ሻጮቹን የጎኑን ቁጥር አርባ አምስት በላቸው።

— ከመግዛትህ በፊት ግን ለካ። … ቆይ! በክሪክ እንዳታነሳት። መሬት እንደረገጠች። … ሰው ጫንባት። ኋላ ወንበር ላይ ሦስት ወፋፍራም ሰው አስቀምጥ። … የሚስትህ አጎቶች? እሰይ፣ ለአንድ ነገር እንኳ ይጥቀሙህ! ከዚያ በጎማውና በፓራፋንጎው ጠርዝ መሀል ጣትህን አስገባ፤ የሚጨመረውን ስፋት አስበህ ሁለት ጣት ካልተረፈህ ተወው። የፊቱን ደግሞ መሪውን በግራም በቀኝም እስከ መጨረሻው አዙረህ እይ። … ከገጠምክ በኋላ የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ጠመኔ ቀባና፣ ሰዎቹን እንደጫንክ ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ አንድ ዙር ዞረህ ተመለስ። ጠመኔው የተፋቀ እንደሆነ ይነካል ማለት ነው።

— እ? … አንዴ ቆይ። ምን አሉ አባባ? … እሺ። … የኋላው ፓራፋንጎ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍ ይላሉ። ቀስ ተብሎ፣ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ሞቅ አድርገህ። … አዎ፣ እሳቸው ናቸው። … ድምፃቸውን ሰማኸው? … (ወደ በሩ) ደንበኛው አመስግንልኝ ይላል አባባ!

ከዚያ ብዙ አዳመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ በቀስ ሟሸሸ።

— ምን አልክ? … ትሸጣታለህ? አሁን ስለ ጎማ ስትጠይቀኝ አልነበር እንዴ? … ለወሬ መጀመሪያ ያህል ነው ለካ። … ዛሬውኑ? ገዢው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው? … እሳቸው ባያዩዋት ይሻላል ብለህ ነው። … «ሞላውን አብዝቼ ቆርጬ እናቴን ሰበርኳት።» … እሱማ እሳቸው ያሉህ ነው። … አውቃለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እያየ «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» ሲሉህ እኔም እዚያው ነበርኩ።

ነበረ። መኪናዋ አባትና እናቱን ኋላ ጭና፣ መታጠፊያው ላይ አዲሱ ሰፊ ጎማ ፈንድቶ ቦይ ገብታ ነበር። የእናቱ እጅ ተሰበረ። ታናሹ መኪናዋን ዝቅ ያደረጋት እሱ ነውና ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ተደፋ፤ በሳምንቱ ጠፋ። ታላቅየው ያኔ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ነበር። አሁንም ዝም ማለት ይችል ነበር። ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ። ድምፁን ግን አልቀነሰም።

— ስማኝ። ገዢውን መልሰው። … ሞላው አይደለም። … እኔ ነኝ። … ሄሎ? … እኔ ነኝ አልኩህ! ያን ቀን «አንተ ለካልኝ» ብለኸኝ አልወጣህም? ለካሁ። ግን ክሪክ ላይ እንዳለች ነው የለካኋት። እኛ ጎሚስታዎች መኪና የምናውቃት እግሯ ተንጠልጥሎ ነው። ሲንጠለጠል ጎማው ወደ ታች ይወርዳል፤ አራት ጣት አስገባሁ፣ ሰፊውን ገጠምኩ፣ አለቀ። አውርጄ ሁለት ሰው ባስቀምጥባት … ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

— … አዎ፣ አውቄ ነበር። ያኔውኑ። ጎማውን ከቦዩ ሳወጣው ጎኑን የፓራፋንጎው ጠርዝ እንደ ሽንኩርት ልጦታል። ለማንም ሳላሳይ ቆራርጬ ጣልኩት። … ለምን አልተናገርክም ነው የምትለኝ? … ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ … አንተ ሄድክ። ከሄድክ በኋላ ደግሞ አፌ ተያዘ። እማማ በአንድ እጇ ልብስ ስትጨምቅ ባየሁ ቁጥር … ተወው።

— ስደበኝ። … ስደበኝ እንጂ! … ሄሎ? አለህ? … እያለቀስክ ነው?

የበሩ ብርሃን ድንገት ጨለም ብሎ መልሶ ተገለጠ። ታላቅየው ዞረ። አባትየው ተነስተው ደጁን ተሻግረዋል፤ ኮታቸው ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

— አንዴ፣ ስልኩን እንዳትዘጋ … አባባ! ወዴት ነው? … አባባ!

— … ሄሎ። … ወጡ። … ሁሉንም ሰምተዋል። … ወደ ቤት አይደለም፤ ቤት በግራ ነው፣ እሳቸው በቀኝ፣ በመናኸሪያው በኩል ነው የሄዱት። … አላውቅም ወንድሜ። … ልዝጋው፣ ልከተላቸው።

ስልኩን አስቀምጦ ወደ በሩ ሮጠ። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፋል። እሳቸው የሉም።