የጋሽ አዙር ማጉያዎች

ከሥራ ስወጣ ከሰው ጋር ማውራት አልወድም። በማሰራጫ ጣቢያው የጠዋት ፈረቃ ሲደርሰኝ ስልክ እያነሳሁ «ሥዕሉ ጠፋብን» ለሚሉ ሰዎች ስመልስ እውላለሁ፤ ሰፈሬ ስደርስ ጆሮዬ እረፍት ይፈልጋል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን መታጠፊያውን እንዳለፍኩ «አሁንስ?» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ቀና ስል የሰባ አንድ ዓመቱ ጎረቤታችን፣ ጋሽ አዙር፣ ቆርቆሮ ጣሪያቸው ላይ ተንፈራጠው ቆመዋል። የአንቴናውን ቧንቧ በሁለት እጃቸው አንቀውታል።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። አዙር ያላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ኖረዋል፤ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚታየውን አንቴና ሁሉ የተከሉት እሳቸው ናቸው። አተካከላቸውም አይለወጥም። እሳቸው ጣሪያ ላይ ሆነው ያዞራሉ፤ አንድ ሰው በር ላይ ይቆማል፤ አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣል። «አሁንስ?» ሲሉ የበሩ ሰው ወደ ውስጥ ይጮኻል። የውስጡ «ትንሽ ቀረው!» ይላል፤ የበሩ ሰው ደግሞ ይህን ወደ ላይ ይጮኻል። በረዶ የሚሉት ነጭ ነጠብጣብ ከሥዕሉ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ሰፈሩ በሙሉ የማን ቴሌቪዥን እንደታመመ ያውቃል።

በዚያን ቀን በር ላይ የቆመ ሰው አልነበረም። ከውስጥ የሚመልሱት ባለቤታቸው እትዬ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው መንገዳቸው።

«ምንም የለም!» አሉ እትዬ።

«በረዶም የለም?»

«ጥቁር ነው አልኩህ እኮ! ስንቴ ልበል?»

«ጋሼ፣ ይውረዱ እንጂ! ይወድቃሉ!» አልኩ ከታች።

«ኢንጂነሯ! ደግ ጊዜ መጣሽ። ጣቢያችሁ ሞቷል፤ ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ጣቢያው ደህና ነው። አሁን ከዚያው ነው የመጣሁት።»

«ደህና ቢሆን በረዶ ይኖር ነበር። ጣቢያ ካለ ቢያንስ በረዶ አለ። ይኼንን ዩኒቨርሲቲ አላስተማሩሽም?»

ወደ ቤቴ መሄድ እችል ነበር። መሄድም ነበረብኝ። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ንግግር በስልክ ስሰማ ስምንት ቀኔ ነው፤ በአካል ያገኘሁት ተከራካሪ እሳቸው የመጀመሪያው ስለነበሩ መሰላሉን ይዤ እስኪወርዱ ጠበቅኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው ስርጭት ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ተራራ ላይ ይመጣ ነበር። ከስምንት ቀን በፊት ተዘጋ። በምትኩ ከዱቄት ፋብሪካው ጀርባ፣ አራት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ዲጂታሉ ማሰራጫ ተተከለ። እንደሚዘጋ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተነግሯል። ጋሽ አዙር «ያስፈራራሉ እንጂ አይዘጉትም» እያሉ ዓመቱን ጨረሱ። በተዘጋ በሦስተኛው ቀን እትዬ ስላስጨነቋቸው መቀበያ ሳጥኑን ገዙ። ሳጥኑን ገዝተው ሲያበቁ የቀረውን ሁሉ በድሮው መንገድ ሠሩት።

ገባን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ ቁም ሣጥን፣ በቁም ሣጥኑ ላይ ቴሌቪዥኑ። እትዬ ደብተርና እርሳስ ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቁሩ መስታወት ፊት ተቀምጠዋል። በደብተሩ ላይ ፊደላት በመስመር ተደርድረዋል፤ ትልልቅ፣ ተጭነው የተጻፉ ፊደላት።

«ትምህርቴ በአሥር ሰዓት ነው» አሉኝ፤ ሰላምታ እንኳ አልቀደመውም። «የጎልማሶች ትምህርት። ስምንት ቀን አመለጠኝ። ፈተናው ደግሞ የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ፈታኟ እዚሁ ቤት ድረስ ትመጣለች። ካላለፍኩ እንደገና ከ‹ሀ› ነው የምጀምረው።»

«ትደርሺበታለሽ» አሉ ጋሽ አዙር።

«በምኔ? በጥቁር መስታወት?» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ለምን እንደምማር ታውቂያለሽ? ከሥዕሉ ሥር የሚሮጥ ጽሑፍ አለ አይደል? ምን ይላል ብዬ ስጠይቀው ‹ምንም› ይለኛል። ያ ሁሉ ፊደል ተሰልፎ እየሮጠ ምንም ሊሆን አይችልም!»

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ሳይ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። ከጣሪያ የወረደው ሽቦ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ አይሄድም። መጀመሪያ አንድ ማጉያ፣ የደከመ ምልክት የሚያጎለብት መሣሪያ፣ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ይወጣና ሁለተኛ ማጉያ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ቀይ መብራታቸውን አብርተው ሞቀዋል።

«ሁለት ማጉያ?» አልኩ።

«አንዱ አልበቃ ሲል» አሉ በኩራት።

ሪሞቱን አንስቼ የሳጥኑን ማሳያ ከፈትኩ። ሁለት መስመር ወጣ። የላይኛው ጉልበት ይላል፤ ዘጠና ስምንት። የታችኛው ጥራት ይላል፤ ዜሮ።

«ዘጠና ስምንት!» ጋሽ አዙር እጃቸውን አጨበጨቡ። «አየሽ? እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ።»

«ጥራቱስ?»

«ጥራቱ የእናንተ ነው።»

ክፉ ቃል እንዳያመልጠኝ ምሳሌ ፈለግኩ። «ጋሼ፣ አንድ ሰው አፉን ጆሮዎ ላይ ለጥፎ ቢጮህ ይሰማዎታል?»

«እንዴት አይሰማኝም?»

«የሚለውስ ይገባዎታል?»

«እሱን እኔን ጠይቂኝ» አሉ እትዬ። «አርባ ዓመት ጮኾብኛል። የገባኝ ግማሹ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በሙያ ነገር አትግቢ!»

«ሳጥኑ ላይ እየጮኹበት ነው» አልኩ። «ማሰራጫው አሁን አጠገብዎ ነው። የሚመጣው ምልክት ሳይነካ በቂ ነው። እርስዎ አጉልተው፣ ያጎሉትን መልሰው አጉልተው ሲሰጡት ይደነቁራል። ማጉያዎቹ ይውጡ።»

«ማጉያ አውጣ ማለት መነጽርህን አውልቀህ አንብብ ማለት ነው።»

«መነጽሩ ያስፈለገው ጽሑፉ ሩቅ ስለነበር ነው። አሁን አፍንጫዎ ሥር መጥቷል!»

አልተረቱም። ወንበሩን ስበው ተቀመጡና ሌላ ነገር አነሱ፤ እውነቱን ለመናገር ደህና ነገር ነበር።

«የድሮው ሲደክም እንኳ ያሳይ ነበር» አሉ። «በበረዶው ውስጥ ሰውየው ሲንቀሳቀስ ይታይሽ ነበር። ድምፁ ይመጣ ነበር። ትንሽ ስታዞሪው ትንሽ ይሻለው ነበር፤ የት እንዳለሽ ታውቂያለሽ። ይኼ ግን ወይ ሁሉን ወይ ምንም። በምን ልመራ?»

«ይኼ እውነት ነው» አልኩ። «ዲጂታል በረዶ የለውም። ጥራቱ ከወሰኑ በታች ሲሆን ጥቁር ነው፤ ወሰኑን ሲያልፍ ጥርት ያለ ሥዕል ነው። መሪዎ ሥዕሉ መሆኑ ቀርቷል፤ መሪዎ ይኼ የታችኛው መስመር ነው። ደግሞ ሳጥኑ የመጣለትን ፈትቶ ለመረዳት ጊዜ ይፈልጋል። አንቴናውን ባነቃነቁ ቁጥር ቆመው እስከ አሥር መቁጠር አለብዎት። እርስዎ ግን ዝም ብለው ስለሚያዞሩ ትክክለኛውን ቦታ ዛሬ ብቻ ሃያ ጊዜ ሳያልፉት አልቀሩም።»

«እስከ አሥር?»

«እስከ አሥር።»

ፊታቸው ጠቆረ። ጉዳዩ አንቴናው ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። «በዚህ ሰፈር ሃያ ሦስት ቤት ማጉያ አስገብቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሃያ ሦስቱም ስህተት ነበር ልትይኝ ነው?»

«አልነበረም። ትክክል ነበር። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ።»

ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ማለት ነበረብኝ። የተማርን ሰዎች ትልቅ ጉድለታችን ነው፤ ሰውን የምናገኘው ከስህተቱ ጀምረን ነው። ሆኖም ከስምንት ቀን ስልክ በኋላ ትዕግሥት ከየት ይመጣል?

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ እትዬ።

«ለአሥር ሩብ ጉዳይ።»

«እንግዲያው ክርክራችሁን ከትምህርቴ በኋላ አድርጉት። አንተ ሰውዬ፣ ያንን ነገር ንቀልልኝ!»

«አንዱን» አሉ ጋሽ አዙር። «አንዱን ብቻ።»

አንዱ ወጣ። ጉልበት ዘጠና፤ ጥራት ዜሮ። እንዳሸነፈ ሰው አዩኝ። ሳላስፈቅድ ሁለተኛውን ነቀልኩና ሽቦውን በቀጥታ ሳጥኑ ላይ ሰካሁ። ጉልበት ሠላሳ፤ ጥራት ዜሮ።

«ገደልሽው! የነበረውንም ገደልሽው!»

«አንቴናው አሁን ወደየት ነው የዞረው?»

«ወዴት ይዞራል? ወደ ተራራው ነዋ።»

«ተራራው ላይ እኮ ማንም የለም፣ ጋሼ! ፋብሪካው በዚህ በኩል ነው!»

ወጥተው መሰላሉን ሲይዙ ተከትዬ ቀማኋቸው። «እኔ ነኝ የምወጣው። እርስዎ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ።»

«እኔ? ቴሌቪዥን ፊት?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣሪያ ላይ ሆነው የሰው አፍ ሲጠብቁ ኖሩ። መስመሩን ዛሬ በዓይንዎ ይዩት።»

ከእትዬ አጠገብ፣ እንደ እንግዳ፣ ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን ጭነው ተቀመጡ። እኔ በሥራ ጫማዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው ይፋጃል። አንቴናውን ከተራራው አንስቼ ወደ ፋብሪካው ግማሽ መንገድ አዞርኩና ቆምኩ። ከታች የእትዬ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይቆጥራሉ።

አምስት ላይ ጋሽ አዙር «አዙሪ!» ብለው ጮኹ።

«አሥር አልሞላም!» አልኩ።

«ምን ያህል ነው የሚያስቆጥረው? ሸክላ እየተኮስን ነው?»

«ስድስት» አሉ እትዬ፤ ባላቸውን ጭራሽ አልሰሟቸውም።

አሥር ሲሞላ «ዜሮ!» የሚል መልስ መጣ። ትንሽ አዞርኩ። እንደገና ቆጠራ። «አሥራ ሁለት!» አሉ ጋሽ አዙር፤ ድምፃቸው ተለውጧል። ትንሽ አዞርኩ። «አርባ! አርባ አምስት! አትንኪው… አይ፣ ንኪው፣ ንኪው!» ትንሽ አዞርኩና ቆምኩ። እትዬ መቁጠር ጀመሩ። አራት ላይ ቆጠራው ተቋረጠ። ጠበቅኩ።

«አሁንስ?» ብዬ ጮኽኩ። የእሳቸው ቃል ከአፌ ስለወጣ አፈርኩ።

የመለሰልኝ የለም። ወርጄ ብገባ ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። መምህሯ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማለች፤ የቀሚሷ ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እትዬ እርሳሳቸውን አንስተዋል። ጋሽ አዙር ከሥዕሉ ይልቅ ጥጉ ላይ የቀረውን መስመር ነበር የሚያዩት። ጉልበት ስልሳ አንድ፤ ጥራት ሰማንያ ሰባት።

«ጉልበቱ ወረደ፤ ጥራቱ ወጣ» አሉ። ደግመው አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይኼንን መስመር ቀድሜ ባየው ኖሮ ሌላ ነገር አያስፈልገኝም ነበር። ረትተሽኛል» አሉ።

እኔ የፈለግኩት መረታታቸውን ሳይሆን መረጋጋታቸውን ነበር፤ ሁለቱንም አገኘሁ። ትምህርቱ እንዳለቀ አፌ እስኪደክም ጠየቁኝ። በድሮው መንገድ አንድ ቻናል ይይዘው በነበረው ቦታ አሁን ስምንት ቻናል እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ከስምንቱ አንዱ የትምህርት ቻናል መሆኑን፣ ያለፈውንም ትምህርት ጠዋት ጠዋት እንደሚደግም ስናገር እትዬ ደብተራቸውን ከፍተው ሰዓቱን ጻፉ። እኔ አልጻፍኩላቸውም፤ ራሳቸው ጻፉት።

እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ካመለጧቸው ስምንት ትምህርቶች አምስቱ ተደገሙ። ለሦስቱ ጊዜ አልበቃም፤ የቅጽ አሞላል ትምህርቶች ነበሩ። ፈታኟ መጥታ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሃያ ጥያቄ ሰጠቻቸው። ማለፊያው አሥራ ሰባት ነበር። እትዬ ያገኙት አሥራ ሰባት ነው።

ወረቀቱ ሲመለስ እኔም እዚያው ነበርኩ። የሳቷቸውን ሦስት ጥያቄዎች አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ለባላቸው አነበቡላቸው። ሦስቱም ስለ ቅጽ አሞላል ናቸው።

«እነዚህ ያንተ ናቸው» አሉ እትዬ። አልተቆጡም፤ እንደ ሒሳብ ነው የተናገሩት። «አንድ ቀን ጨምረህ ትምህርት ብታስቀርብኝ ኖሮ ወድቄ ነበር።»

ጋሽ አዙር ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። ከዚያ ተነስተው መሰላላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ።

ተከተልኳቸው፤ ይወድቃሉ ብዬ ነው። መጀመሪያ የሄዱት ጥጉ ላይ ወዳለው ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ልብስ ሰፊው መቀበያ ሳጥኑን ገዝቶ እያለ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ጥቁር መስታወት ፊት ተቀምጦ መንግሥትን ሲረግም የከረመ ሰው ነው። ጋሽ አዙር በሩ ላይ ቆመው የእኔን ንግግር ቃል በቃል፣ የራሳቸው አድርገው፣ ከእኔ በባሰ ንዴት ይነግሩት ጀመር። በጆሮህ ሥር ቢጮኹብህ ይገባሃል ወይ? ማሰራጫው እኮ መጥቶልሃል! ሥዕሉ ይጠራል፣ ለአንድ ቻናል ስትለፋ ስምንት ታገኛለህ፣ ያመለጠህን ትምህርት ጠዋት ይደግሙልሃል፣ ለማጉያ የሚባክን መብራት ይቀርልሃል፣ በየሳምንቱ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሽማግሌም አያስፈልግህም! እስከ አሥር መቁጠር ብቻ ነው፤ እስከ አሥር መቁጠር ያቃተው ሰው እኔን አይቶ ይማር!

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከአፉ አወጣ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼንን ማጉያ ግድ ብለው ያስገቡልኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አዙር። «ለዚህ ነው የማወጣውም እኔ የሆንኩት። በል ተነስ፤ መሰላሉን ያዝልኝ።»