በክንዴ ልክ ያስቆረጥኳት ውጅግራ

በእኛ ዘመን ጠመንጃ የሚሠራው ለወንድ ነበር፣ ያውም ለረጅም ወንድ። ፈይሳ፣ አንተ ወዲህ ጠጋ በል፣ ከወለንጪቲ ድረስ መጥተህ በር ላይ አትቀመጥ፣ ደግሞ ይሄ ወሬ የአባትህ ነገር አለበት፣ ከሁሉም በላይ አንተ ነህ መስማት ያለብህ። እናንተ ጎረቤቶቼ እዚህ አዳማ ከገባሁ ወዲህ የምታውቋት ብዙነሽ ጉልበቷን የሚያማት፣ ወንበሯን ከፀሐይ ወደ ጥላ ስትጎትት የምትውል አሮጊት ናት። ያቺኛዋን ብዙነሽ አታውቋትም። ያቺኛዋ ጠመንጃ በልኳ አስቆርጣ የተኮሰች ናት። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ስጨርስ እናያለን።

ታዲያ ባሌ ጉተማ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የፈይሳ አጎት መሆኑ ነው፣ አዳኝ ነበር። ውጅግራ ነበረችው። ውጅግራ ታውቃላችሁ? የት ታውቃላችሁ። አንድ ጎራሽ ናት፣ አንድ ጥይት ታጎርሳታለህ፣ አንድ ትተፋለች፣ ከዚያ ቀለሁን አውጥተህ እንደገና ማጉረስ ነው፣ እስከዚያ ከርከሮው ቆሞ የሚጠብቅህ ከሆነ ማለት ነው። እና ጉተማ እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ ሰው ነበር፣ ክንዱ ጉልበቱ ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ ጠመንጃዋ ለእሱ ልክ ነበረች። ከርከሮ ያድንባታል፣ እርሻችንንም ይጠብቅባታል። እርሻችን ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ ከተራራው ሥር ነው፣ በቆሎ ነው፣ ማሽላ ነው፣ ከላይ ዝንጀሮ፣ ከታች ከርከሮ፣ እዚያ ቦታ ጠባቂ የሌለው ሰው የሚዘራው ለእነሱ ነው።

እና ጉተማን ወባ ወሰደብኝ። ሁለቱ ልጆቼ ገና ትንንሾች ነበሩ። ሐዘኑ ሳይወጣልኝ አባትህ በዳዳ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ጠላ ቀዳሁለት፣ ጠጣ፣ ከዚያ ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለችው ቀና ብሎ፣ "ያቺ ጠመንጃ የወንድሜ ናት፣ ወንድ ትከሻ ላይ ትዋል፣ አንቺ ምን ታደርጊባታለሽ?" አለኝ።

እኔ ነገሩ ገብቶኛል። ጠመንጃዋ ከቤቴ ከወጣች እርሻውን የሚጠብቅ የለም፣ የሚጠብቅ ከሌለ ደግሞ በዳዳ "በይ እኔ ልረሰውና እኩል እንካፈል" ይላል፣ አንዴ እኩል ከገባ በኋላ እኔ በገዛ መሬቴ ላይ ተመጽዋች ነኝ። ነገሩ የጠመንጃ አልነበረም፣ የልጆቼ ጉሮሮ ነበር። "ምርቱ እስኪገባ ታገሰኝ፣ ከዚያ ሽማግሌ ባለበት እንነጋገራለን" አልኩት። ሳቀ። "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" ብሎኝ ወጣ።

"አባዬ እንዲህ አለዎት?"

አለኝ እንጂ፣ አንተ ምን ታውቃለህ፣ ያኔ አልተወለድክም። ክፉ ሰው ነበር አልልህም፣ እናትህንም እናንተንም በደንብ ነው የያዘው። ግን ሴት ነገር ትችላለች ብሎ አያምንም ነበር፣ እና እኔ ያቺን ተረት ዋጥ አደረግኋት።

ታዲያ በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮው ከተራራው ወረደ። ዝንጀሮ ሴት እንደሚለይ ታውቃላችሁ? ወንድ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል፣ ሴት ስትሆን ግን ከምንም አይቆጥርሽም። እጮሃለሁ፣ በወንጭፍ እወረውራለሁ፣ አንድ ጋማው የተንጨፈረረ አውራ አለ፣ እሸቱን ቆርሶ መሬት ቁጭ ይላል፣ እያኘከ ያየኛል። "ጩኺ፣ አንቺ ጩኺ፣ እኔ እበላለሁ" የሚለኝ ነው የሚመስለው። የጉተማን ካፖርት ለብሼ ባርኔጣውን ደፍቼ ወጣሁ፣ ካፖርቱ መሬት ይጠርጋል፣ እነሱ እንደሆኑ አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ወደ እሸታቸው ተመለሱ።

እና ጠመንጃዋን አወረድኳት። ትከሻዬ ላይ ላስቀምጣት ብል ጣቴ ምላጩ ጋ አይደርስም። በብብቴ ሥር ያዝኳትና ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩ። ወይ ጉድ። እንደ አህያ ረገጠችኝ፣ ትልሙ ውስጥ ተንጋልዬ ወደቅሁ፣ ጎኔ በልዞ ሰነበተ። ጥይቱ ሰማይ ገባ። ዝንጀሮዎቹ እስከ ድንበሩ ሮጡ፣ እዚያ ቆመው አዩኝ፣ እና ተመለሱ። ተመለሱ ነው የምላችሁ።

እዚያው ትልሙ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያን ቀን ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ "ይውሰዳት በቃ፣ እርሻውንም ይውሰድ" ብያለሁ በልቤ። ታዲያ እንባዬን ስጠርግ አጠገቤ ዶማዬን አየኋት። የጉተማ ዶማ ናት። እጀታዋ ስለረዘመብኝ በመጥረቢያ አሳጥሬያት ነበር፣ ሰው ሁሉ ስቆፍርባት ያያል፣ "የሟች እቃ ቆረጥሽ" ያለኝ አንድ ሰው የለም። ታዲያ የጠመንጃ እንጨት ከዶማ እንጨት በምን ይበልጣል? እስቲ ንገሩኝ፣ በምን ይበልጣል? የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ፣ ያቺ ጠመንጃ በጉተማ ልክ እስካለች ድረስ ለእኔ የሰው ነበረች።

በነጠላ ጠቅልዬ ወለንጪቲ ይዣት ወረድኩ። ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ፣ አናጢ፣ በርና አልጋ ነው የሚሠሩት። ነጠላውን ስገልጠው ወደ ኋላ አሉ።

"ያ አላህ፣ ምን ይዘሽብኝ መጣሽ?"

"ሰደፏን ይቁረጡልኝ ጋሽ ሰይድ።"

"ይቺን? የጉተማን? እጄን ይቁረጠው።"

"እጅዎን ማን አለዎት፣ ሰደፏን ነው ያልኩት።"

"ሴትዮ፣ ሂጂ፣ የጉተማ ወንድሞች በኋላ ሱቄን ያፈርሱብኛል።"

እኔ አልሄድኩም። ሰደፏን ክርኔ ላይ አስደግፌ ክንዴን ዘረጋሁላቸው፣ ጣቴ ከምላጩ የት እና የት ሆኖ ቀረ። ጣቴንም ምላጩንም አዩ። ከዚያ ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወረዱ። ታዲያ ሰውየው ፈሪ ናቸው፣ ስስ ስስ አድርገው ነው የሚቆርጡት፣ ይቆርጣሉ፣ ትከሻዬ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ "ገና ነው" እላለሁ፣ ይቆርጣሉ፣ "ገና ነው" እላለሁ። በመጨረሻ መጋዙን አስቀመጡና፣ "ስሚ፣ እንጨት ይቆረጣል እንጂ አይቀጠልም" አሉኝ። "ክንዴም አይቀጠልም" አልኳቸው። ሳቃቸው መጣና እስከምፈልገው ድረስ ቆረጡልኝ።

ያ የእሳቸው ሥራ ነው፣ የቀረው የእኔ ነው። ይሄን እናንተ ልብ በሉልኝ፣ ሰው "ሰይድ ሠራላት" እያለ ሲያወራ ይገርመኝ ነበር። መጨበጫ አንገቷ ለእጄ ወፍራም ነበር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በጠርሙስ ስባሪ ፋቅኋት፣ ስፍቅ ስጨብጥ፣ ስፍቅ ስጨብጥ፣ መዳፌ ውስጥ ገብታ እስክትቀመጥ ድረስ። ጉንጬ የሚያርፍበትን ጎድጎድ አደረግሁት። ሰደፏ ላይ የበግ ቆዳ ሰፋሁባት፣ ውስጡን ጥጥ ጠቀጠቅሁት፣ ከዚያ በኋላ ትርገጥ እንጂ ምን ታመጣለች። ማንገቻዋ ለጉተማ ጀርባ ነበር የተለካው፣ እኔ ሳነግታት ተረከዜን ትመታኛለች፣ እሱንም አሳጠርኩት። ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ብዥ ስለሚል ጫፏ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ በኖራ ነጭ ቀባኋት። እንጨቷን በኑግ ዘይት አሸሁት። ስጨርስ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አየኋት፣ አጠረች፣ ወፈረች፣ እኔን መሰለች። ደስ አለኝ፣ ምን ልበላችሁ፣ ከሠርጌ ልብስ በላይ ደስ አለኝ።

እና በማግስቱ ካፖርትም የለ፣ ባርኔጣም የለ፣ በቀሚሴ ወጣሁ። ያ አውራ እንደልማዱ ቁጭ ብሎ ያኝካል። አየኝ። "መጣሽ ደግሞ" የሚል ነው የሚመስለው። ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኳት፣ ጉንጬ ቦታውን አገኘ፣ ጣቴ ምላጩን አገኘ፣ ሳብኩ። እሸቱን እንደያዘ ነው የቀረው። ሌላው መንጋ ተራራውን ሲወጣ አቧራው ብቻ ነው የሚታይ። ያን ዓመት አልተመለሱም። በቆሎዬ ገባ፣ ማሽላዬም ገባ፣ በገዛ እጄ።

ታዲያ በዳዳ ሰምቷል። ሽማግሌ ሰብስቦ መጣ፣ ግራሩ ሥር ተቀመጥን፣ ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። የሽማግሌዎቹ አፍ ኦቦ ዋቆ ነበሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። በዳዳ ተነሣና ጠመንጃዋን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ዓይኑ ደም ለብሷል። "እዩልኝ፣ የወንድሜን ማስታወሻ አንገቷን ፍቃ፣ እግሯን ቆርጣ፣ የበግ ለምድ አልብሳ፣ መጫወቻ አደረገቻት። አሁንም ትሰጠኝ፣ እንዲህ ሆናም ቢሆን በወንድ እጅ ትሻላለች" አለ።

ኦቦ ዋቆ ወደ እኔ ዞሩ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለምን ቆረጥሽ?"

"አባቴ፣ ጉተማ ክንዱን አውርሶኝ አልሞተም። ጠመንጃዋን ብቻ ነው ያወረሰኝ። ክንዱን ከተወልኝ እንደነበረች እይዛት ነበር" አልኳቸው። ሰዉ ጉርምርም አለ።

ኦቦ ዋቆ አንድ ቅል አስመጡ፣ ወዲያ ማዶ ካለ ኩይሳ ላይ አስቀመጡት። "በዳዳ፣ በወንድ እጅ ትሻላለች ካልክ አሳየን" አሉት። አባትህ ደስ ብሎት ተነሣ። ጥሩ ተኳሽ ነበር፣ አልዋሽም። አጎረሳት፣ ትከሻው ላይ አስቀመጣት፣ ታዲያ ያ ሁሉ ክንድ የት ይግባ? ክርኑ ተጣጠፈ፣ አንገቱን ሰበረ፣ አፍንጫው ከአውራ ጣቱ ጋር ተገናኘ። እኔ አይቻለሁ፣ "በዳዳ፣ እንዲያ አትያዛት" ልለው ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። ሳበ። ጠመንጃዋ ወደ ኋላ ስትመጣ የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን አለው፣ ደሙ በሸሚዙ ላይ ወረደ፣ ቅሉ ቁጭ ብሏል፣ ጥይቱ የት እንደገባ እስካሁንም የሚያውቅ የለም።

ኦቦ ዋቆ አልሳቁም። "ለብዙነሽ ስጧት" ብቻ አሉ። ወሰድኩ፣ አጎረስኩ፣ አስቀመጥኩ፣ ሳብኩ። ቅሉ ብትንትኑ ወጣ።

ታዲያ ሽማግሌው ተነሡና ምርኩዛቸውን መሬት መታ መታ አድርገው፣ "ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ይቺ ጠመንጃ ባለቤት አላት። እርሻውም ጠባቂ አለው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም በዚህ ነገር እሷ ደጅ እንዳይሄድ" አሉ። ተመረቀ፣ ተበተነ። አባትህ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ሄደ፣ አፍንጫውም እንደዚያው ጠመም እንዳለ ቀረ።

ከዚያማ ምን ልንገራችሁ፣ ደጄ ሰው አልጠፋም። መጀመሪያ አንድ አጭር ሰው ተሸማቆ መጣ፣ የአማቹን ጠመንጃ ይዞ፣ "እትዬ፣ እንዳንቺዋ አድርጊልኝ" አለኝ። ከዚያ ግራኝ መጣ፣ ትከሻው የተሰበረ መጣ፣ ከአቦምሳ ድረስ መጡ። ጋሽ ሰይድ ይቆርጣሉ፣ እኔ እፍቃለሁ፣ እሰፋለሁ፣ ትከሻቸው ላይ አስቀምጬ አያለሁ። "ገና ነው" እላለሁ፣ ያንን ሁሉ ጢማም ወንድ "ዙር፣ ክንድህን ዘርጋ፣ አንገትህን አትስበር" እያልኩ አዘዋለሁ። ይታዘዛል። ልጆቼን በእርሻዬ አሳደግሁ፣ አስተማርኩ፣ ማንም እኩል አልተካፈለኝም። የኮራሁ እንደሆነ ልኩራ፣ ይገባኛል።

አንድ ነገር ብቻ ነው። በዳዳ ከዚያ በኋላ ታረቀኝ፣ ዓመት በዓል ቤቴ ይበላል፣ ቤቱ እበላለሁ፣ ልጆቼንም እንደ አባት ነው የመከራቸው። ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ "ብዙነሽ፣ ልክ ነበርሽ" አላለኝም። አንድ ቀን። ስለ ጠመንጃዋ የሆነ ነገር ከተነሣ ጣራ ጣራ ያያል። ይሄ ይቆጨኛል፣ እውነቱን ልናገር፣ ቅሉን መምታቴን ሰው ሁሉ አወራው፣ እኔ እንዲለው የፈለግሁት አንድ ሰው አልተናገረውም። ፈይሳ፣ አንተ ምን ያስቅሃል?

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ አባዬ ለእኛ ያ አፍንጫው ከርከሮ ጋር ሲተናነቅ የተሰበረ ነው ብሎ ነው ያሳደገን።"

ከርከሮ? ምን ከርከሮ? ሰማችሁ? ከርከሮ አደረገኝ እኮ ሰውየው። ወይ በዳዳ፣ ወይ በዳዳ፣ ሆዴን፣ ሆዴን ያዙልኝ።

"ግን እትዬ፣ ሌላም ነገር አለ። የሽንኩርት እርሻዬን እንድጠብቅበት ጠመንጃ የገዛሁ ጊዜ አባዬ ታሞ ተኝቶ ነበር። ወስጄ አሳየሁት። ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀና፣ 'ይሄ ልክህ አይደለም፣ ናዝሬት ሂድና ብዙነሽ ትይልህ፣ በዚህ ነገር እሷን የሚያህል ወንድ አላየሁም' አለኝ። እኔ ነኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ያልመጣሁት።"

እንዲህ አለ? በዳዳ?

"በዳዳ። በገዛ አፉ።"

እስቲ ድገማት።

"አልሰሙኝም እንዴ እትዬ?"

ሰምቻለሁ። ድገማት።