ያልተማርነው ምጥ

— ሄሎ... አቤት... አዎ፣ ሰኪና ነኝ። ማን ልበል?... ውይ፣ ሲስተር ገንዘቤ! ድምፅሽ ጠፋኝ እኮ። በራስሽ ስልክ ነው እንዴ የደወልሽው?

— አዎ፣ ክላስ ቀረሁ... አይ፣ እኔን እንኳ አላመመኝም... ቆይ፣ አውሮፕላን ነው። እዚህ ቡልቡላ እኮ ጣራችንን ታክኮ ነው የሚያልፈው... አለፈ። አሁን ትሰሚኛለሽ?

— ሲስተር ናት፣ እማ። እርጉዞችን የምታስተምረን ነርስ... ለሷ ካልነገርኩ ለማን ልንገር?... የባሌ እናት ናቸው ሲስተር። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይወራም ብለው ነው።

— መንቀሳቀስ አቆመ... ልጁ... አዎ። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፣ ልቡ ቆሟል አሉኝ... ሌላም ዶክተር አይቶታል፣ ያው ነው... ኧረ አንቺ ምን አጠፋሽ! እንቅስቃሴው ከቀነሰባችሁ ቶሎ ኑ ብለሽናል። ቶሎ ነው የሄድኩት። ባሌ ሥራውን ጥሎ ነው ያደረሰኝ።

— አላወጡትም። እዚሁ ሆዴ ውስጥ ነው... ሰኞ ልተኛ ነው፣ እናንተው ሆስፒታል። ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ሰጥተውኝ እወልደዋለሁ አሉ።

— እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ... ያ ያስተማርሽን አተነፋፈስ ለዚህም ይሆናል?... በአፍንጫ ስቦ፣ በአፍ ቀስ እያሉ... እሺ። ምጡስ?... ያው ነው። እሺ... እውነቱን መንገርሽ ይሻለኛል። እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ "አላህ ያውቃል" እያለኝ ነው የሚሄደው።

— ግን ሲስተር፣ ልጁ ሲያለቅስ ሕመሙን ትረሱታላችሁ ብለሽን ነበር። ዲና እንኳ "እኔ ከሱ በላይ ነው የማለቅሰው" ብላ ክላሱን ያሳቀችው ቀን... እኔ በምን ልረሳው ነው?... እሺ። አታውቂውም። ግድ የለም፣ አትጨነቂ። አስተምረሽን እኔ ረስቼው እንደሆነ ብዬ ነው።

— ፈርቻለሁ ሲስተር። ከወጣ በኋላ... ያ ሁሉ ሰው ከቦኝ ቆሞ ማንም ምንም ሳይል ሲቀር። እሱ ነው ያስፈራኝ።

— ልትመጪ?... ሰኞ ክላስ አለሽ አይደል እንዴ?... አይሆንም፣ እንዳትሰርዢው። ሆዳቸውን ይዘው ከስንት ቦታ መጥተው ይመለሱ? ለምን ሲሉሽስ ምን ልትያቸው ነው? ይሄን ሰምተው እንቅልፍ የሚወስዳቸው ይመስልሻል?... ልትወልድ ወሎ እናቷ ቤት ገባች በያቸው። ደስ ይላቸዋል።

— መጣሁ እማ፣ ጨረስኩ።

— አንድ ነገር ብቻ... ማዋለጃው ከክላሳችሁ ሥር ነው አይደል?... የዚያን ቀን ሴትዮዋ ስትጮህ ሁላችንም ክው ብለን ስንተያይ፣ "አይዟችሁ፣ አሁን የልጁን ድምፅ ትሰማላችሁ" አልሽን። ጆሯችንን ጥለን ጠበቅን። ከዚያ ሲያለቅስ አጨበጨብን።

— ሰኞ መስኮቱን ዝጊልኝ። ጆሯቸውን ጥለው እንዳይጠብቁኝ... ይሙቃቸው፣ ግድ የለም... እሺ... እሺ ሲስተር። ቻው።