ለእናቱ የተጠገነ የሳንቲም ስልክ

ወንድሜን ከቀበርን ወዲህ ታክሲ ላይ የሰው ወሬ ማዳመጥ ለምዶብኛል። ከኢምፔሪያል ወደ ጎሮ ስንሄድ አንድ ሰውዬ ድሮ መንገድ ዳር የነበረውን የሳንቲም ስልክ ታቅፎ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ዛሬም ይሠራል?»

«ጠግኜው ነው ማዘር። ከቁራሌው እየገዛሁ እሰበስባለሁ፤ ይሄ ስድስተኛዬ ነው።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«አንዱን እናቴ አልጋ አጠገብ ሰቅያለሁ። ይሄን ጓዳ አስገብቼ በሽቦ አገናኛቸዋለሁ።»

«ቤት ውስጥ ከማን ጋር ልታወራ?»

«የምታወራውስ እናቴ ናት፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር። ድሮ ከጅማ የሚደውልላት በሳንቲም ስልክ ነበር።»

«እሱስ የት ነው?»

«ሞቷል። ልቧ ደካማ ስለሆነ መርዶውን ደብቀናታል።»

«ታዲያ ማን ሊያናግራት ነው?»

«እኔ፣ እሱን መስዬ።»

«በሞባይል አይሻልም?»

«ሞባይል ድምፅ ያጠራል። ይሄ ይንሿሿል፤ ይሸፍነኛል ብዬ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ እናት የልጇን ድምፅ ትስተዋለች?»

«እሱን ነው የፈራሁት።»

«ብታውቅብህስ?»

«ያኔ መርዶውን በስልክ ነገርኳት ማለት ነው።»

«ተው። ዘመድ ሰብስባችሁ በማለዳ ንገሯት።»

«አሁን ሳንቲሟን ይዛ እየጠበቀችኝ ነው፣ ማዘር።»

የወንድሜን ድምፅ እያሰብኩ መውረጃዬን አለፍኩት።