ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ያልደረሰው ገመድ

ወይዘሮ ሐረገ ወይን፣ ገመዴን ቆርጠውብኛል። ሰው ፊት፣ ሳይጠይቁኝ፣ በራሴ ፒንሳ። ዛሬ ሽኝትዎ ነው ብዬ አልደብቀውም፤ በደል በደል ነው።

አትሳቁ። አዲስ የመጣችሁ ታሪኩን አታውቁትም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እኚህ ሴትዮ የኔትወርክ ኃላፊ ሆነው እዚህ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሊጀምሩ መጡ። ከባጃጅ ወርደው ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ ከሰርቨር ክፍሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የዘረጋሁትን የመዳብ ገመድ ቀና ብለው አዩ።

«ጋሼ፣ ይህ ስንት ሜትር ነው?»

«ቤተ መጻሕፍቱ ጋ የሚያደርስ።»

«ሜትሩን ነው የጠየቅኩዎት።»

«እኔም መልሻለሁ።»

በእርምጃ ለኩት። መቶ አርባ ሆነ። «መዳብ ከመቶ ሜትር ካለፈ ይደክማል» አሉኝ። «የሌላ ሰው ይድከም፤ የእኔ አይደክምም» አልኩ። ፒንሳውን ከእጄ ተቀብለው ገመዱን ቀጭ አድርገው ቆረጡት። የጥበቃዎቹ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍት አላየንም። «በሕንፃና በሕንፃ መካከል ፋይበር፣ ሕንፃ ውስጥ መዳብ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ሶኬት፣ ለእያንዳንዱ ሶኬት ቁጥር።» ይህን እዚህ ያለ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። ዶርም ውስጥ ስምንት ተማሪ በአንድ ሶኬት ሲጠቀም ያገኙ ዕለትማ «ላም ናት እንዴ የምታልቧት?» ብለው ጮኹ። የሬጅስትራሯ መቅደስ «ኔትወርክ ሞተ!» ብላ ስትደውል ሮጠው ጠረጴዛዋ ሥር ይገባሉ።

«መቅደስ፣ የኔትወርኩን ስዊች ነቅለሽ ምን ሰካሽ?»

«ማሞቂያ። በረደኝ፣ እትዬ!»

አንገትሽን አትድፊ መቅደስ፣ ሁሉም ያውቃል።

ፋይበር፣ ያ ብርሃን የሚያልፍበት የመስታወት ገመድ፣ የመጣ ጊዜ ሥልጠና ግባ ተባልኩ። «እኔ ገብረ ሚካኤል ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፤ ከማንም አልማርም» አልኩ። ወይዘሮ ሐረገ ወይን አልተከራከሩኝም። «እንግዲያው ባትሪ ያብሩልኝ» አሉ። ሦስት ሳምንት አበራሁ። እሳቸው ለብቻቸው ያወራሉ፦ «አሁን ልባሱን እገፍፋለሁ። አሁን በአልኮል እጠርጋለሁ። ሳላጣምም እቆርጣለሁ። ጫፍና ጫፉን ማሽኑ ላይ አገናኛለሁ።» ለጥበቃዎቹ «ይቺን ሴትዮ ምን ነክቷታል?» አልኳቸው።

አንድ ቀን አርፍጄ ደረስኩና በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ያንኑ ሥራ እየሠሩ ነው፤ ትንፍሽ አይሉም። ባትሪዬን አብርቼ ስጠጋ «አሁን ልባሱን እገፍፋለሁ» ብለው ጀመሩ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ባትሪዬን ጠጋ አድርጌ ያዝኩላቸው።

ዓምና ፈተና ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ቆፋሪዎች የቤተ መጻሕፍቱን ፋይበር በጠሱት። ብቻዬን ቀጠልኩት። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ደጅ ቆመው ነበር።

«ሠራ?»

«ሠራ።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ማንም።»

ሳቁ እንጂ አልተቀየሙም።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን፣ ያ መልሴ ውሸት ነበር። ዓመት ሙሉ ከብዶኛል። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ያውም እኔን ሳያሳፍሩ። ገመዴን የቆረጡት ሰው ፊት ነው፤ እኔም ሰው ፊት አመሰግንዎታለሁ።

በሉ ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን ያዙ። አገርዎ እስቴ በሰላም ይግቡ። ጉልበትዎ ይጽና፣ ልጆችዎ ደጅዎን አይርሱ፣ «ኔትወርክ ሞተ» ብሎ የሚደውልልዎ ሰው አይኑር።

ገመዴ ግን ይደርስ ነበር። ይህን ዛሬ ተናገርኩ፤ ከእንግዲህ እስክሞት ድረስ አላነሣውም። ጠጡ።