ሙሄ ሳያስበው ያለው አሚን

ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ክፍል ለአንድ ሕንዳዊ አከራይቻለሁ። የዘይት መጭመቂያ ማሽን ሊተክል ወደ ከተማችን ወደ ከሚሴ የመጣ ሰው ነው፤ አማርኛም ይሞክራል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ፊቱን ወደሷ አዙሮ በቋንቋው አንድ ነገር ይደጋግማል። ጎረቤቴ ሙሄ ይህን በአጥሩ በኩል አይቶ ኖሮ በማለዳ መጣ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ አባ ጀማል። ለፀሐይ የሚሰግድ ሰው ግቢዎ አስቀምጠው እንዴት እንቅልፍ ይወስድዎታል? ዛሬውኑ ያስወጡት።»

ከኔ ግቢ በዚህ ስም ከወጣ ሌላ የሚያከራየው እንደማያገኝ አውቃለሁ። «መጀመሪያ የሚለውን እንስማ» አልኩና ሰውየውን ጠራሁት።

«ጋያትሪ ይባላል፤ የአባቶቻችን ጸሎት ነው» አለ ሕንዳዊው። «ፀሐይ ምልክት ናት፣ አባባ። የምንለምነው ብርሃኑን የሰጣትን ነው።»

«ምን ብላችሁ ነው የምትለምኑት?» አለ ሙሄ ኮስተር ብሎ።

ሰውየው እንደሚጸልይ ሆኖ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ልባችንን አብራልን። ሐሳባችንን ወደ ደጉ ምራልን።»

እኛ አገር ሰው እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ ዝም አይባልም። ሙሄም እጁን ዘርግቶ «አሚን» አለ። ወዲያው ያደረገው ነገር ገባውና እጁን ኪሱ ከተተ። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ቀደመኝ እንጂ።

«እንግዲህ ላስወጣው?» አልኩት።

ሙሄ ወደ በሩ ዞረ። «ይቀመጥ። ብቻ ድምፁን ይቀንስ፤ እኔ አፌን አላምነውም» ብሎኝ ሄደ።