በኩኒ ዳገት ላይ የረጋው ዘይት

— ሄሎ! ... አዎ፣ የአብዱልቃዲር ሱቅ ነው። ... ከኩኒ ነው የተደወለው? መስመሩን አገናኚኝ፣ እህቴ። ... ሄሎ! ወአለይኩም ሰላም። ሙሄዲን? ምነው ድምፅህ? ልጄ ረዲያስ ደህና ናት?

...

— ቀስ በል፣ ልጄ። ከመጀመሪያው ንገረኝ። እየሰማሁህ ነው።

...

— ምጥ? ገና ጊዜ አላት ብለህ አይደል ከበደሳ ይዘሃት የተነሳኸው፣ እናቷ ቤት እንድትወልድ? ... የጤና ጣቢያው ድሬሰር አያት? ... ሽሉ ተጋድሟል? ያ ረቢ!

— (ሰዓዲያ፣ ቆይ። ልጅሽ በሕይወት አለች። ቆይ እንጂ፣ አልሰማ አልኩ።)

— ሆስፒታል አድርሳት ካለህ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? መኪናዋ እጅህ ላይ አይደለች? ... አልነሳም አለች? ... በየትኛው ታንከር ነበር ስትነዳ የነበረው፣ በናፍታው ወይስ በዘይቱ? ... በዘይቱ! ከማጥፋትህ በፊት ወደ ናፍታው አልመለስካትም? በናፍታ አስነሳ፣ ሲሞቅ ወደ ዘይቱ አዙር፣ ልታጠፋ ስትል ወደ ናፍታው መልስ፤ ስንቴ ነው የነገርኩህ? የሳምቡሳ ዘይት ነው፣ አቦ! የኩኒ ብርድ ሲያገኘው እንደ ሞራ ነው የሚረጋው።

...

— ጀናዛ? ... ጀናዛ መንገድ ላይ ገጠመህና ሞተሩን አጠፋህ። ... ወርደህም ተሸከምክ? እስከ መቃብር? ... እንግዲህ ምን እላለሁ። ሞተር እያጓራ በጀናዛ ፊት አይቆምም። እኔም ብሆን አጠፋ ነበር። ... ስትሄድ ደህና ነበረች፣ ስትመለስ ስታምጥ አገኘሃት። ገባኝ።

— አሁን አድምጠኝ። ውሃ አፍላና... አፈሰስክበት? ቱቦው ላይ ብቻ ነው ወይስ ፊልትሮውም ላይ? ... ሁለቱም ላይ። ... ባትሪውም ሞተ። ሰው ሰብስበህ ብታስገፋትስ? ... አፏ ወደ ዳገቱ ነው ለካ። አዎ፣ ያንን ዳገት አውቀዋለሁ።

...

— ሙሄዲን፣ ተዋት። ... መኪናዋን ነዋ! ሌላ መኪና አስቁም። ... የጫት መኪና ለማንም አይቆምም? ይቆማል። መሐል መንገድ ግባበት። ድሬሰሩም ነጭ ጋውኑን ለብሶ ካጠገብህ ይቁም።

...

— ምን? የገበሬ ማኅበሩ መኪና ነች ብለህ ሚስትህን... እሺ። እሺ፣ አልቆጣም። ሊቀመንበሩ አስጎትቶ ታንከሩን ሲከፍት ሳምቡሳ ይሸተዋል። "የኢኮኖሚ አሻጥር" ይላል፣ ያስርሃል። እሱን ፈርተህ ነው። አውቃለሁ፣ ልጄ።

— ግን ስማኝ። በረመዳን ጀሪካን ይዞ በየሳምቡሳ ጠባሿ በር የዞረው ማነው? ባሮጌ ሻሽ አጥልሎ፣ በርሜሉን ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ የደበቀው ማነው? አንተ ነህ? ... ታዲያ! ኩፖኑ ባለቀ ቁጥር መኪናዋ ስትቆም፣ የገበሬው እህል መንገድ ላይ ሲቀር አይቼ ያስጀመርኩህ እኔ ነኝ። ሲጠይቁህ ስሜን ጥራ። ... ምኑ ነው የሚያሳፍርህ? አማትህ ስለሆንኩ? ዋሽልኝ አላልኩህም፣ እውነቱን ተናገር ነው ያልኩህ።

— (ክንዴን ልቀቂኝ፣ ሰዓዲያ። አዎ፣ ስሜን ነው ያልኩት። የማንን ስም ይጥራልሽ?)

— ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... ጡሩምባ ነው እንዴ እሱ? ... የጫት መኪናው? ሩጥ! ስልኩን ተወው፣ ሩጥ!

...

— ሄሎ... ሄሎ...

— (ሳይዘጋው ሄደ። ... እኔ ምን አውቄ! ዝም በይ፣ ሰው ሲጮህ ይሰማኛል።)

— አይ እህቴ፣ አትቁረጪው! ጨርሰናል አላልኩሽም። ... አዎ፣ የሚያወራ የለም፣ ግን እየሰማሁ ነው። ልጄ ናት። እባክሽ፣ አንቺም አብረሽኝ ስሚ።

...

— (ፍሬን ያዘ። ... ይጨቃጨቃሉ። ... ሾፌሩ ነው መሰለኝ፣ ጫቱ ይጠወልግብኛል ይላል። ... ድሬሰሩ ጮኸበት። ... "ቀስ ብላችሁ አንሷት" አለ አንዱ። ... በር ተዘጋ።)

— ሄዱ፣ እህቴ? ላንቺም እንደዚያ ተሰማሽ? ... አልሐምዱሊላህ። ... አሜን፣ አሜን። በሰላም ያድርሳት።

— (በይ ሰዓዲያ፣ ፎጣና ልብስ ያዢና ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቂያት። እኔ እነሱ እስኪደርሱ ማኅበሩ ቢሮ ገባ ልበል። መኪናዋን ሳያገኟት ከኔ አፍ ይስሙት። ... እመጣለሁ እንጂ። አስረውኝ ካልመጣሁም፣ ሴት ከወለደች ስሟን አንቺ አውጪላት፤ ወንድ ከሆነ ግን ለአባቱ ተዪለት።)

— አይ፣ ላንቺ አይደለም፣ እህቴ። አሁን ቁረጪው።